22 ቁጥር ቸርኬ ለቦሌ፣ 18 ቁጥር ለጣርማ በር

የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጣ ላንድክሩዘር ቪኤይቱን አሳምሮ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ 22 ቁጥር ቸርኬ አስገጥሞበታል። ጎማው ቸርኬው ላይ እንደ ቀለበት ስስ ሆኖ ተጠምጥሟል። የሰፈር ልጆች ከበው ፎቶ ተነሱበት። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ተነሳሁ።

በማግስቱ ወደ ጓሳ ወጣን። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ከጀመረ ብዙም ሳንሄድ ከፊት በስተቀኝ «ጧ!» አለ። ወርደን ስናይ ድንጋዩ ያን ያህል ትልቅ አይደለም፤ ከቡጢ ትንሽ ይበልጣል። ግን ጎማው ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል፤ የቸርኬው ከንፈር ወደ ውስጥ ተጣሟል። ስኮርታውን አወረድን። እሱ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው 18 ቁጥር ነው። ሦስት እግሩ 22፣ አንዱ 18 ሆኖ ቀስ እያልን ተመለስን።

ደብረ ብርሃን የገባንበት ጎሚስታ ሽማግሌ ናቸው። ጎማውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ጎማው ጎን ላይ ለጠፉና በጋት ለኩት። ጋት ተኩል መጣ። የስኮርታውንም ለኩ። ሁለት ጋት። «ልጄ፣ ይሄ የቦሌ ነው» አሉት የአጎቴን ልጅ፣ የተቀደደውን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ።

ነገሩ ሁሉ እዚያች ግማሽ ጋት ውስጥ ነው ያለው። በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ስንት ጣት ጎማ አለ? ቁጥሩን ግን ማንበብ ካልቻላችሁ ሻጭ የፈለገውን ይሸጥላችኋል። ስለዚህ ከቁጥሩ እንጀምር።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

የቪኤይቱ የፋብሪካ ጎማ 285/60 አር 18 ይላል። 285 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 18 የቸርኬው ቁመት (ዲያሜትሩ) ነው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በኢንች። አር ማለት ራዲያል ነው። ዛሬ በቤት መኪና ላይ ከራዲያል ሌላ ስለማታገኙ እለፉት።

ሰው የሚሳሳተው መሐል ላይ ባለው 60 ነው። ሚሊሜትር ይመስላል፤ አይደለም። በመቶኛ ነው። የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 60 በመቶ ነው ማለት ነው። 285ን በ0.6 ብታባዙ 171 ሚሊሜትር ይመጣል። የጎሚስታው ሁለት ጋት ይኸው ነው። ሌላ ጎማ ላይ ያው 60 ሌላ ከፍታ ይሰጣል። ፕራዶ ላይ ያለው 265/60 ጎኑ 159 ሚሊሜትር ብቻ ነው። «60 ስጠኝ» ብሎ ጎማ መግዛት ስለዚህ ትርጉም የለውም።

ጠቅላላ ቁመቱን ለማግኘት 18ን በ25.4 አባዙ፤ 457 ሚሊሜትር ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ 171ን ሁለቴ ደምሩ። 799 ሚሊሜትር፤ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ማለት ይቻላል። የአጎቴ ልጅ ያስገጠመው 285/45 አር 22 ነው። በዚሁ መንገድ አስሉት። ጎኑ 128፣ ጠቅላላው 815 ሚሊሜትር ይመጣል።

ልብ በሉ። ከውጭ ሲታይ ጎማው በሁለት በመቶ ብቻ ነው ያደገው። ከአራት ኢንች የቸርኬ ጭማሪ አብዛኛው የመጣው ጎማውን በመብላት ነው። ሰው «ትልቅ ጎማ አስገጠምኩ» ይላል። ያስገጠመው ትልቅ ብረት ነው፤ ጎማው እንዲያውም አንሷል።

ፋብሪካዎቹም ይህንኑ ስሌት ይጠቀማሉ። ለፕራዶ 150 የተሠሩትን ሦስት ልኮች ብታዩ 265/65 አር 17፣ 265/60 አር 18 እና 265/55 አር 19 ናቸው። ጠቅላላ ቁመታቸው 776፣ 775 እና 774 ሚሊሜትር ነው። አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ቸርኬው አንድ ኢንች ባደገ ቁጥር ጎኑ 13 ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ መኪናው ግን ልዩነቱን አያውቀውም። የፍጥነት መለኪያው፣ ኤቢኤሱ፣ ማርሹ ሁሉም የተስተካከለው በዚያ ቁመት ነው። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ከፋብሪካው ልክ ከሦስት በመቶ በላይ አትራቁ ይላሉ። እኔ በሁለት ብትቆሙ ደስ ይለኛል። በሁለት በመቶ እንኳ መለኪያው መቶ ሲል እናንተ መቶ ሁለት ላይ ናችሁ።

ጎኑ ምን ይሠራል?

ጎማ የመኪናው የመጀመሪያ ሞላ ነው። ድንጋይ ሲመታው ንፋሱ ይጨመቃል፣ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዱላው ወደ ሞላውና ወደ አሞርዛተሩ የሚሄደው። ጎኑ ረጅም ከሆነ ለመታጠፍ ቦታ አለው። አጭር ከሆነ መታጠፉ ሳያልቅ ድንጋዩ ቸርኬው ላይ ይደርሳል። ጎማው በድንጋይና በብረት መካከል እንደ ጣት በበር ይቆነጠጣል። ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል። የእኛም «ጧ» ይኸው ነበር።

ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ እንደ መሐሉ አይጠገንም። ጎን ቀኑን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚውል ቦታ ስለሆነ መለጠፊያው አይጸናም። «እኔ እሰፋዋለሁ» የሚል አታጡም። በዚያ ጎማ ቤተሰብ ጭናችሁ ቁልቁለት አትውረዱ።

ለትልቅ ቸርኬም የሚገባውን ልስጠው። ጥሩ አስፋልት ላይ ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ መሪውን ቶሎ ይሰማል፤ ጥምዝ ላይ መኪናው አይዋዥቅም። ትልቅ ፍሬን ላላቸው መኪኖችም ትልቅ ቸርኬ ግድ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ሰው 17 ያስገባ» ብዬ አልደመድምም። የአንዳንዱ መኪና የፍሬን ካሊፐር 17 ቸርኬ ውስጥ አይገባም፤ ይፋጫል። የኔ ምክር እንዲህ ነው። ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው ሞተርና ፍሬን ከፈቀዳቸው ልኮች ውስጥ ትንሹን ቸርኬ ውሰዱ። የተፈቀደው ልክና የንፋሱ መጠን ብዙ ጊዜ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ አለ። ቪኤይት ከሆነ 17 ወይም 18 ነው። አዲሱ ላንድክሩዘር 300 ከሆነ 265/65 አር 18 አለው፤ 265/55 አር 20ም አለው። ሁለቱም 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው። ለመንዝ መንገድ የቱን እንደምመርጥ መናገር አያስፈልገኝም።

ብርዱ፣ ቁልቁለቱ፣ ንፋሱ

የእኛ አገር ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ነች። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋላችሁ። ዋሻውን አልፋችሁ በደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። በአንድ ጠዋት ከጋቢና ባና ወደ ቲሸርት የምንገባበት መንገድ ነው። ጎማውም እንደኛው ልብስ ይቀይራል።

ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ ንፋስ ሞልቼ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሙቀቱ ያፈነዳው ይሆን? ላስተንፍስ? እስኪ እናስላው። ማለዳ ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ 8 ዲግሪ ላይ ሳለ፣ 33 ፒኤስአይ ሞላችሁ እንበል። ሸዋ ሮቢት 30 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ብቻውን ጎማውን ከ3 በላይ ይጨምረዋል። ነገር ግን መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቆላ ስትወርዱ የውጭው አየር ይከብዳል፤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ድረስ 2 ያህል ይጨምራል። ያ 2 ከመለኪያው ላይ ይቀነሳል። ደጋና ቆላ እንዲህ ሲጓተቱ ጎማው አርፎ ከቀዘቀዘ በኋላ 34 አካባቢ ታገኛላችሁ። ምንም አልሆነም።

ከጉዞ ወዲያው ከለካችሁ ግን ከዚያ በላይ ያሳያል። ጎማው በመታጠፍ፣ ቸርኬው ደግሞ በፍሬኑ ግለት ሞቋል። ይሄን አይተው የሚያስተነፍሱ አሉ። አታስተንፍሱ። ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፤ ይግላል፤ የሚፈነዳውም እንዲያ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የተወጠረውን ነው። እኔ የምፈራው የላላውን ነው።

ቁልቁለቱ ላይ የቸርኬው ክብደትም ይመጣል። ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ነው፤ ክብደቱም ዳር ላይ ነው። ለማሽከርከር ጉልበት ይፈልጋል፣ ለማቆምም ፍሬን። አዲስ አበባ ውስጥ አይታወቃችሁም። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና በእያንዳንዱ ጥምዝ ፍሬን ስትነኩ ግን ይደማመራል። ሽቅብ ስትመለሱ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር 3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን በአየሩ መሳሳት ያጣል። በዚህ ላይ ከልክ በላይ የረዘመ ጎማ ማለት ከማርሹም ጥቂት ሰርቆ መስጠት ነው። ከዚያ «መኪናው ደከመብኝ» ብሎ ጋራዥ።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ማንም አያነሳውም። 22 ቁጥር ውስጥ ገበያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ጎማ ለሙቅ አስፋልትና ለፍጥነት የተሠራ ነው። የዚያ ዓይነት ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ይደርቃል፤ መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ ውርጭ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ አስፋልቱን ያረጥበዋል። ማለዳ የሚነሳ ሰው በደረቀ ጎማ፣ በረጠበ አስፋልት፣ በጉም ውስጥ ገደል አጠገብ ነው የሚነዳው።

ጥርሱን በተመለከተ ሦስት ፊደል ይበቃችኋል። ኤች ቲ ለአስፋልት ነው፤ ዝም ያለ፣ ለስላሳ። ኤም ቲ ለጭቃ ነው፤ ይጮኻል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም አያምርበትም። ኤ ቲ መሐል ነው። ግማሽ አስፋልት፣ ግማሽ ኮረት፣ ክረምት ላይ ደግሞ እግር የሚይዝ ዋልካ ላለበት አገር ኤ ቲ ነው የሚሻለው።

ቀዳዳው ገጠመ ማለት ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም

ቸርኬ ሲገዛ ሰው ውበቱን ያያል፣ ከዚያ ቀዳዳውን ይቆጥራል። ቪኤይት 5 ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የሚዞሩበት ክብ 150 ሚሊሜትር ነው። ፕራዶ 6 ነው፤ ክቡ 139.7 ነው። እስከዚህ ማንም አይሳሳትም፤ አይገባማ።

ስህተቱ የሚመጣው ሲገባ ነው። ላንድክሩዘር 300ም 6 ቀዳዳ፣ 139.7 ነው። የፕራዶ 150 ቸርኬ ስታስጠጉት ይገባል። ግን የመሐል ቀዳዳው 106 ሚሊሜትር ሲሆን የ300ው ሞዞ (ቸርኬው የሚቀመጥበት እምብርት) 95 ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ አይቀመጥም፤ ይንሳፈፋል። ሰማንያ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባላንስ ታሠራላችሁ፣ አላይመንት ታሠራላችሁ፣ መንቀጥቀጡ እዚያው ነው።

ሌላው ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ነው። ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊት ከቸርኬው ወገብ በስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ይነግራችኋል። የቪኤይት 18 ቁጥር ኢቲው 60 ነው። 35 የሆነ ቸርኬ ከገጠማችሁ ጎማው 25 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ጎማው ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል፣ ጭቃው በሩን ይቀባዋል፣ የኩሽኔታውም ዕድሜ ያጥራል። ባልዲን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ኩሽኔታው ላይም እንዲሁ ነው።

የጭነት ቁጥሩን አትርሱ። ከልኩ ቀጥሎ 112ኤስ ወይም 116ቪ የሚል ታያላችሁ። ቁጥሩ ጎማው የሚሸከመው ክብደት ነው፤ 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 116 ማለት 1,250 ኪሎ። ፊደሉ የፍጥነቱ ጣራ ነው። ሰባት ሰው፣ ከላይ የሠርግ ዕቃ፣ ከኋላ የጠላ ጀሪካን ስትጭኑ ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። ከፋብሪካው በታች አትውረዱ። ዕድሜውን ደግሞ ከአራቱ አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልወለቀም» ቢሏችሁም ቁጥሩን እዩ።

ስኮርታ። ቪኤይትና ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም እግራቸው የሚነዱ ናቸው። የአንዱ ጎማ ቁመት ከሌሎቹ ከተለየ መሐል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል። ስለዚህ ልክ ስትቀይሩ አምስት ነው የሚገዛው፣ አራት አይደለም። በአራት ቸርኬ ዋጋ ተደስቶ ስኮርታውን የረሳ ሰው አይቻለሁ፤ ለጥምቀት መጥቶ ነበር።

ኤሌክትሪኮቹስ?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከከለከለ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይም ኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ለእነሱ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ባትሪው ከባድ ነው። የቮልስዋገኑ አይዲ 4 ትልቅ ባትሪ ሲኖረው ከ2 ቶን ይበልጣል። ስለዚህ የጭነት ቁጥሩ ላይ ድርድር የለም። ሁለተኛ፣ አይዲ 4 የፊትና የኋላ ጎማው አንድ አይደለም። 20 ቁጥሩ ከፊት 235/50፣ ከኋላ 255/45 ነው። ፊትና ኋላ እያለዋወጡ ጥርሱን እኩል ማስጨረስ አይቻልም፤ አንድ ትርፍ ጎማ ይዞ ለፊትም ለኋላም በልኩ መጠቀምም እንዲሁ። ሦስተኛው የሚያሳስበኝ ነው፦ ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም። ትንሽ ኮምፕሬሰርና መድፈኛ ፈሳሽ ነው የሚሰጧችሁ። ፈሳሹ ሚስማር የወጋውን ይደፍናል፤ ድንጋይ የሰነጠቀውን ጎን አይደፍንም። ጎኑ 117 ሚሊሜትር በሆነ 20 ቁጥር፣ ያለ ስኮርታ፣ መንዝ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ? እኔ አልሄድም። ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ካላችሁ ለዚያው መኪና የተሠራ 235/60 አር 18 አለ፤ ጎኑ 141 ነው። 20ውን በእሱ ለውጡ።

የአጎቴ ልጅ መጨረሻ ላይ 18ቱን መልሶ ገጠመ። ከፋብሪካ የመጡት ቸርኬዎች ቤቱ ተቀምጠው ነበርና እህቱ በሚኒባስ ላከችለት። 22ቱ ለአዲስ አበባ ይቀመጡ ብሏል፤ የተጣመመውን ጎሚስታው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ሲገጥሙ ግን አስቆሙት። «ዳዶውስ?» አሉ። ከገበያ የተገዛው ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ ነው የሚወስደው፤ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ነው የሚፈልገው። ሾጣጣውን እዚህ ላይ ብታስሩት የጠበቀ ይመስላችኋል፤ መንገድ ላይ ግን ይላላል። የፋብሪካዎቹ ዳዶዎች አዲስ አበባ ቀርተዋል። እህቱ ላይ እንደገና ደወልን፣ እንደገና ሚኒባስ ጠበቅን። በማግስቱ ታሰረ። ጎሚስታው የመጨረሻውን ዳዶ በእጃቸው አጠበቁና «ደብረ ሲና ስትደርስ ወርደህ አንዴ ሁሉንም ፈትሽ» አሉት። ፈተሸ። አንዷ ሩብ ዙር ሄደች።